ስለ ግሣት፤ የጨጓራችን ነፋስ በምን ሥርዓት እንደሚወጣ



ስለ ግሣት በጤና ጥበቃ መጽሔት ላይ መጻፍ ለጨዋ አንባቢ የማይገባ፣ ጸሐፊውንም የማያስከብር ሥራ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። ግሣት በሰው ፊት ሲያመልጥ አፍን በእጅ አስይዞ አንገት ያስደፋል እንጂ በብዕር ተጽፎ የሚነበብ ቁም ነገር አይመስልም። ነገር ግን በሕክምና ሥራ ላይ ያለ ሰው የሰውን ኀፍረት ከሰው ሕመም ለይቶ ሊያልፈው አይችልም፤ ብዙ ሕመም ከኀፍረት በስተጀርባ ተሸሽጎ ይኖራልና። በምሠራበት ጤና ጣቢያ በግሣት ምክንያት ከመጡት ሰዎች መካከል የሦስቱ ነገር ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አስገድዶኛል።

የመጀመሪያው አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ትምህርት በሚሰጡበት ጊዜ በየደቂቃው ያገሣሉ፤ ለማቆም በጣሩ መጠንም ይብስባቸዋል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡት ልጆች የግሣቱን ቍጥር በደብተራቸው ጀርባ ላይ በጭረት እየመዘገቡ ሲሳሳቁ በዐይናቸው አዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጡ፤ በሆዳቸውም ውስጥ ክፉ ዕጢ የበቀለ መስሏቸው ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ ወራት አሳለፉ።

ሁለተኛዋ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። የእርሳቸው ግሣት የተበላሸ እንቍላል ይሸታል። ሆዳቸው ይነፋል፣ ተቅማጥም ይመላለስባቸዋል። ስለዚህ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቡና መጠጣቱን ትተው ቤታቸውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር።

ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ የሚጫን ነገር ያዛቸው። «ነፋስ ነው፤ ቢያገሣኝ ይለቀኛል» ብለው አምቦ ውሃ አስመጥተው ጠጡ። አገሡም። ነገር ግን የደረታቸው ጭነት አልለቀቀም። ሁለተኛ ጠርሙስ ተከፈተ፣ ሦስተኛም ተጨመረ፤ ቤተ ሰቡም ጀርባቸውን እያሸ ሌሊቱ ነጋ። ወደ እኛ ዘንድ የመጡት ጀምበር ከወጣች በኋላ ነበር።

ሦስቱም ሰዎች ሲጠየቁ የመለሱት ቃል አንድ ነው፤ «የሆዴ ነፋስ አስቸገረኝ» የሚል። ሕመማቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነበር። የአንደኛው ነፋስ ከሆዱ የመጣ አልነበረም፤ የሁለተኛዋ በውሃ የመጣ ተባይ ነበር፤ የሦስተኛው ደግሞ ልባቸው ነበር። እነዚህን ለመለየት በቅድሚያ ጤናማው ሰውነት ነፋሱን በምን ሥርዓት እንደሚያስወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነፋሱ ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው በጨጓራ ውስጥ ያለው ነፋስ ሁሉ ከበላነው ምግብ የሚነሣ ይመስለዋል። ይህ በአብዛኛው ትክክል አይደለም። በጨጓራችን የሚገኘው ነፋስ አብዛኛው በአፋችን የገባ ተራ አየር ነው። ምግብ ወይም መጠጥ ወይም ምራቅ በዋጥን ቍጥር ጥቂት ሚሊ ሊትር አየር አብሮ ይወርዳል። የሚጣደፍ ሰው፣ ጉርሻ በአፉ ሳለ የሚናገር ሰው፣ ትኩስ ሻይ እየማገ የሚጠጣ ሰው ከሌላው የበለጠ አየር ይውጣል።

ሁለተኛው ምንጭ መጠጥ ነው። አምቦ ውሃ፣ ለስላሳ መጠጥና ቢራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በውስጣቸው ይዘዋል፤ ጠላና ጠጅም ሲፈሉ ይህንኑ ጋዝ ያፈራሉ። አንድ ሊትር ለስላሳ መጠጥ በጠርሙሱ ታምቆ ሳለ ሦስት ሊትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ጋዝ ሊይዝ ይችላል። ጠርሙሱ ሲከፈት ከፊሉ ይበናል፤ የቀረው በጨጓራ ሙቀት ይለቀቃል። ከዚያም ከፊሉ ወደ ደም ገብቶ በሳምባ ሲወጣ፣ የተረፈው በግሣት ይመለሳል።

ሽሮና ባቄላ፣ ምስርና አተር የሚያመጡት ነፋስ ግን ከዚህ ልዩ ነው። በእነዚህ እህሎች ውስጥ ትንሹ አንጀት ሊፈጫቸው የማይችላቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ፤ እነርሱም ሳይለወጡ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዱና በዚያ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ሲበሏቸው ሃይድሮጂንና ሌሎች ጋዞች ይፈጠራሉ። ይህ ነፋስ መውጫው በታች ነው እንጂ በአፍ አይደለም። ስለዚህ በጾም ወራት ሆዱ የሚጮህበት ሰውና ከምግብ በኋላ የሚያገሣ ሰው አንድ ዓይነት ነገር የደረሰባቸው አይደሉም።

ሁለቱ በሮች

ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው ላይ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ይህ ቧንቧ ሁለት በሮች አሉት። የላይኛው በር ከማንቁርት በስተኋላ የሚገኝ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ጡንቻ ነው፤ ሥራውም በምንተነፍስበት ጊዜ አየር ወደ ምግብ ቧንቧ እንዳይገባ፣ ከታች የሚመጣውም ወደ ጉሮሮ እንዳይዘልቅ መከልከል ነው። የታችኛው በር የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ይገኛል። ይህኛው ጡንቻ ደግሞ ብቻውን አይሠራም፤ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ በዙሪያው እንደ መቀነት ታጥቆ ያግዘዋል።

ሁለቱም በሮች ከተፈጥሯቸው ዝግ ናቸው። የሚከፈቱት ሲዋጥ ነው። በዋጥን ጊዜ የላይኛው በር ከአንድ ሴኮንድ ለማይበልጥ ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ የታችኛውም ምግቡ እስኪያልፍ ድረስ ለጥቂት ሴኮንድ ላልቶ ይጠብቃል። የታችኛው በር ዝግ ባይሆን ኖሮ ወገባችንን ለሥራ ባጎነበስን ቍጥር የጨጓራችን ኮምጣጣ ፈሳሽ ወደ ላይ በፈሰሰ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። በሩ የተሠራው ፈሳሹ እንዳይመለስ ነው። ነፋሱ ግን መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ጨጓራ ይነፋል። ነፋሱን አስወጥቶ ፈሳሹን የሚያስቀር በር እንዴት ያለ በር ነው?

በሩ እንዴት እንደሚከፈት

ሰው ተቀምጦ ወይም ቆሞ ሳለ በጨጓራው ያለው ነፋስ ከምግቡ ተለይቶ ወደ ላይኛው የጨጓራ ክፍል ይወጣል፤ በራጅ ፎቶግራፍ ላይም ከግራ የጎድን አጥንት በታች እንደ ጥቁር አረፋ ሆኖ ይታያል። ነፋሱ እየበዛ ሲሄድ የጨጓራው ግድግዳ ይለጠጣል። በዚያ ግድግዳ ውስጥ መለጠጥን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነርሱም ቫጉስ በተባለው ረጅም ነርቭ አማካይነት ወሬውን ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳሉ። ቫጉስ ማለት በላቲን ቋንቋ ተንከራታች ማለት ነው፤ ከራስ ቅል ተነሥቶ በአንገትና በደረት በኩል እስከ ሆድ ድረስ ስለሚዞር ይህ ስም ተሰጥቶታል።

የአንጎል ግንድ ወሬውን ከተቀበለ በኋላ እኛን ሳያማክር ትእዛዙን በዚያው ነርቭ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ የታችኛው በር ምንም ሳይዋጥ በራሱ ይላላል፤ በዙሪያው የታጠቀው የድያፍራም ክፍልም አብሮ ይለቃል። ይህ መላላት ከ10 ሴኮንድ በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ምግብ በሚዋጥበት ጊዜ ከሚሆነው ይረዝማል። ነፋሱም ወደ ምግብ ቧንቧ ይወጣል።

አሁን የላይኛው በር ተራ ነው። ይህ በር ከሥሩ የደረሰው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚለይበት ችሎታ አለው። ወደ ላይ የመጣው ፈሳሽ የሆነ እንደ ሆነ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ቧንቧውን በድንገት የሚነፋ አየር የሆነ እንደ ሆነ ግን ይከፈታል። ይህንንም የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርምር አሳይተዋል። በሩ በተከፈተ ጊዜ ማንቁርት ተዘግቶ የአየር ቧንቧችንን ይጠብቃል። ነፋሱ በጠባቡ በር ሲያልፍ ጡንቻውን ያርገበግበዋል፤ የምንሰማው ድምፅም ይኸው ነው። ብዙ ግሣት ደግሞ ያለ ድምፅ ይወጣል። ጤናማ ሰው በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ያህል ሊያገሣ ይችላል፤ አብዛኛውን ግን ልብ አይለውም።

ይህ ሁሉ የታወቀው በአንድ ቀን አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ፍራንዝ ኢንገልፊንገርና ባልደረቦቹ የሰውን ጨጓራ በአየር እየነፉ የግሣትን አካሄድ መርምረው ጻፉ። በ1980 ዓ.ም. ጆን ዴንትና ጓደኞቹ የታችኛው በር ሳይዋጥ በራሱ የሚላላበት ጊዜ መኖሩን በሰፊው ገለጡ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ዴንት ያለበት ሌላ ጓድ፣ ነፋሱ የሚያልፈው በሩን በግፊት ሰብሮ ሳይሆን በሩ ራሱ ሲላላለት መሆኑን አሳየ። ይህ ነገር ትልቅ ትምህርት ነው። ግሣት የበር መሰበር ሳይሆን የበር መከፈት ነው፤ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው።

እኔም በውጭ ሀገር ስማር ይህን በራሴ ሰውነት ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። መምህራችን ፈቃደኛ ተማሪ በጠየቁ ጊዜ ምን እንደሚጠብቀኝ ሳላውቅ እጄን አነሣሁ። ግፊት የሚለካ ቀጭን ቧንቧ በአፍንጫዬ አግብተው እስከ ጨጓራዬ አወረዱት፤ ከዚያም በወንበር ላይ እንዳለሁ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ቀስ በቀስ ነፉብኝ። የመሣሪያው መስመር ለጥቂት ጊዜ ሳይናወጥ ቆየ። ከዚያም የታችኛው በር ግፊት ወደ ታች ወረደ። መምህሩ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አድርገው «አሁን ይመጣል» አሉ። ቃላቸውን ሳይጨርሱ በክፍሉ ሁሉ ፊት አገሣሁ። ተማሪው ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን ከኀፍረቴ ይልቅ የገረመኝ ነገር ነበረ፤ ሌላ ሰው የእኔን ግሣት ከእኔ አስቀድሞ ዐውቆታል።

ቀጥለው በጀርባዬ አስተኙኝና ያንኑ ያህል አየር ጨመሩብኝ። በዚህ ጊዜ ሆዴ ተነፋ፣ ደረቴም ተጨነቀ፤ ግሣቱ ግን እምቢ አለ። ተነሥቼ በተቀመጥሁ ጊዜ ወዲያው ወጣ።

ስለ መተኛት፣ ስለ ላምና ስለ ፈረስ

በጀርባችን በተኛን ጊዜ የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ታችኛው በር ይጠጋል፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ ሆድ ፊት ይሸሻል። በዚህ ጊዜ በሩ ቢከፈት የሚወጣው ነፋስ ሳይሆን ኮምጣጣ ፈሳሽ ነው፤ ያውም ወደ ሳምባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሰው በተኛ ጊዜ የበሩ መላላት ይቀንሳል፤ እንቅልፍ በወሰደው ጊዜም ከናካቴው የቆመ ያህል ይሆናል። ሆዱ የተነፋ ሰው ጋደም ማለት የማይበጀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀና ብሎ ቢቀመጥ ወይም ጥቂት ቢራመድ ይሻለዋል።

ይህን ሥርዓት የገጠር ሰው በላሙ ላይ ያውቀዋል። የላም ሆድ ሣር ሲብላላበት በቀን በመቶዎች የሚቈጠር ሊትር ጋዝ ይፈጥራል፤ ላሚቱም ሳታቋርጥ በማግሣት ታስወጣዋለች። በክረምት እርጥብ ማገጥ አብዝታ የበላች እንደ ሆነ ግን ጋዙ ከፈሳሹ ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል። አረፋውም የበሩን ሥፍራ ይሸፍነዋል። በሩ የነካው ነፋስ ሳይሆን እርጥብ ነገር መሆኑን ሲያውቅ አይከፈትም፤ ላሚቱም ማግሣት ተስኗት በግራ ጎኗ ትነፋለች፤ በጊዜው ካልተደረሰላትም ትሞታለች። በዘይት ማጠጣት የሚረዳው ዘይቱ አረፋውን ስለሚያፈርሰው ነው። የፈረስ በር ደግሞ እጅግ ጠባቂ ነው፤ ፈረስ ማስመለስ አይችልም፣ ማግሣትም እምብዛም አይሆንለትም፤ ስለዚህ ጨጓራው ከመጠን በላይ ከተነፋ እስከ መፈንዳት ሊደርስ ይችላል። እነዚህን እንስሳት ያየ ሰው ግሣትን ነውር ብቻ አድርጎ ሊቈጥረው አይገባም፤ በእርሱ የሚድን ነፍስ አለና።

በሩ ሲላላና ሲጠብቅ

ነገር ሁሉ በልክ ካልሆነ ጉዳት አለው። ነፋሱን ለማስወጣት የሚላላው በር አንዳንድ ጊዜ ኮምጣጣውን ፈሳሽ አብሮ ይለቅቀዋል፤ ቃር የምንለው በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። እንግዲህ ቃር የግሣት ዕዳ ነው ማለት ይቻላል። ከመጠን በላይ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው ይህን ዕዳ በሌሊት ይከፍላል።

በሩን አጥብቆ መዝጋትም መፍትሔ አይደለም። ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. በስዊስ ሀገር በባዝል ከተማ የጨጓራን ላይኛ ክፍል በምግብ ቧንቧው ዙሪያ ጠምጥሞ በመስፋት ብርቱ ቃር ያለባቸውን ሰዎች ማከም ጀመረ። ቃሩ ቆመ፤ ነገር ግን ከታከሙት አንዳንዶቹ ማግሣት ተከለከሉ፤ ከበሉ በኋላም ሆዳቸው እየተነፋ ይጨነቁ ጀመር። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ቀዶ ሐኪሞች ጥምጥሙን አሳጥረውና አላልተው መሥራትን ተማሩ።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ማግሣት የማይችሉ ሰዎችም አሉ። የእነዚህ ሰዎች የላይኛው በር ለምግብ በሚገባ ይከፈታል፤ ከታች ለሚመጣ ነፋስ ግን አይከፈትም። ነፋሱ በደረታቸው እየጮኸ ይመላለሳል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ለስላሳ መጠጥም ያስጨንቃቸዋል። ብዙዎቹ ለዓመታት ሲናገሩ የሚሰማቸው አላገኙም ነበር። ሮበርት ባስቲያን የተባለው አሜሪካዊ የጉሮሮ ሐኪምና ባልደረባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. የ51 ሰዎችን ታሪክ ጽፈው፣ ጡንቻውን በሚያላላ መርፌ እንደሚታከሙ አስታወቁ። የሚያሳፍር መስሎ የታየ ነገር ሁሉ ዝም ሲባል እንዲህ ሳይታወቅ ይኖራል።

የሦስቱ ሰዎች ነገር

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎች እንመለስ።

መምህሩን ተቀምጬ እያነጋገርሁ በጸጥታ ተመለከትኋቸው። ስለ ሕመማቸው ሲያወሩ በየጥቂት ሴኮንዱ ያገሣሉ፤ ስለ ልጃቸው ትምህርት ስጠይቃቸው ግን ለብዙ ደቂቃ አንድም ጊዜ አላገሡም። ሌሊት ተኝተው አግሥተው እንደማያውቁም ባለቤታቸው ነገሩን። ይህ ምልክት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የሆላንድ ሐኪሞች አየር ወዴት እንደሚሄድ በኤሌክትሪክ በሚለይ ቧንቧ መርምረው፣ እንዲህ ባሉ ሰዎች ዘንድ ነፋሱ ጨጓራ ሳይደርስ እንደሚመለስ አሳዩ። ሰውየው ሳያውቀው አየርን ወደ ምግብ ቧንቧው ይስብና በዚያው ቅጽበት መልሶ ያወጣዋል። ይህ የጨጓራ ሥራ ሳይሆን የጡንቻ ልማድ ነው፤ ጭንቀትም ያብሰዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ኪኒን አይደለም። መምህሩን አንድ እጃቸውን በሆዳቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ጥቂት ከፍተው፣ ሆዳቸው ከፍ ዝቅ እንዲል ቀስ ብለው መተንፈስን አስተማርናቸው። በየቀኑ እንዲለማመዱ፣ ግሣቱ ሊመጣ ሲልም እንዲሁ እንዲያደርጉ ነገርናቸው። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ፈጽሞ አልተዋቸውም፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሳያገሡ አስተምረዋል። ከሁሉም የበለጠ ደግሞ እንቅልፋቸው ተመልሷል።

የወይዘሮዋ ዓይነ ምድር ሲመረመር ጃርዲያ የተባለው ተባይ ተገኘ። ይህ በዐይን የማይታይ ተባይ በተበከለ ውሃና ባልታጠበ እጅ ወደ ትንሹ አንጀት ይገባል፤ የእንቍላል ሽታ ያለው ግሣት፣ የሆድ መነፋትና ተቅማጥም ያመጣል። በሐኪም በታዘዘ መድኃኒት ዳኑ። ቤተ ሰባቸውም የመጠጥ ውሃውን አፍልቶ እንዲጠጣ መከርናቸው። አሁን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ሽማግሌው አባት ግን የደረሰባቸው የልብ ሕመም ነበር። ልብን የሚመግበው የደም ሥር በተዘጋ ጊዜ የሚሰማው ጭነት ከጨጓራ ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ የሁለቱ ስሜት በተቀራራቢ የነርቭ መንገድ ስለሚሄድ በሽተኛው ለመለየት ይቸገራል። ግሣት ቢወጣም ለልብ የሚያደርገው ነገር የለም። ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት ላክናቸው፤ ነፍሳቸውም ተረፈ። ነገር ግን በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የሞተው የልባቸው ሥጋ አይመለስም። ቀድሞ በእግራቸው ይወጡት የነበረውን ዳገት ዛሬ ሦስት ጊዜ ሳያርፉ አይወጡትም። «ያን ጊዜ ጠርሙስ ከምንከፍት በር ከፍተን በወጣን» ብሎ ልጃቸው የነገረኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ቀስ ብሎ መብላት፤ ጉርሻን አላምጦ መዋጥ፤ ምግብ በአፍ ሳለ አለመናገር። ሲጋራ ማጤስና ማስቲካ ማኘክም አየር ያስውጣል።

2ኛ/ ግሣት የሚያስቸግረው ሰው ጋዝ ያለውን መጠጥ መቀነስ አለበት። ለማግሣት ብሎ አምቦ መጠጣት የገባውን ጋዝ መልሶ ማውጣት ነው እንጂ የነበረውን ሕመም አይፈውስም።

3ኛ/ ቢካርቦኔት ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጋዝ በአንድ ጊዜ ይፈጥራል። ስለዚህ ከመጠን በላይ በበላና በጠጣ ሆድ ላይ መጨመር አደገኛ ነው።

4ኛ/ ከእራት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ሳይቆዩ አለመተኛት። ሌሊት ቃር የሚያስቸግረው ሰው የአልጋውን ራስጌ ከፍ ያድርግ፤ በግራ ጎኑ መተኛትም ይረዳዋል።

5ኛ/ ሕፃን ከጠባ በኋላ ቀጥ አድርጎ በትከሻ ላይ ማቀፍ መልካም ነው። ሳያገሣ ቢቀር ግን እናት ልትጨነቅ ወይም ጀርባውን አብዝታ ልትመታው አይገባም፤ ብዙ ሕፃናት ሳያገሡም ደኅና ይተኛሉና።

6ኛ/ የመጠጥ ውሃን ማፍላት፤ ከመብላት በፊትና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ። ግሣቱ እንደ እንቍላል የሚሸት፣ ተቅማጥም ያለበት ሰው በግምት መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ ይመርመር።

7ኛ/ ከግሣት ጋር መዋጥ ያስቸገረው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ደም ያስመለሰ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ወይም ሳያቋርጥ የሚያስመልስ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

8ኛ/ ደረትን የሚጫን ሕመም ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሚሄድ ስሜት ጋር የመጣ እንደ ሆነ፣ ነፋስ ነው ብሎ ግሣትን መጠበቅ አይገባም። ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎቻችሁ ብታነቡላቸው መጀመሪያ ይሥቁ ይሆናል። ይሣቁ። ከሣቁ በኋላ ግን ሁለቱን በሮች በሰሌዳው ላይ ሣሉላቸው፤ ቫጉስንም ከአንጎል እስከ ጨጓራ በመስመር አሳዩአቸው። በሰውነታቸው ውስጥ ሳያዝዙት የሚሠራ፣ ነፋስን ከፈሳሽ የሚለይ፣ ሌሊት ሲተኙም የሚጠብቃቸው ዘበኛ መኖሩን ያወቁ ልጆች በመምህራቸው ወይም በጓደኛቸው ግሣት ላይ ጭረት አይቈጥሩም። አንድ ሌሊትም አያታቸው ደረታቸውን ይዘው «ነፋስ ነው» ባሉ ጊዜ፣ ምናልባት ከቤተ ሰቡ መካከል ተነሥቶ «ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ» የሚለው ከእነዚህ ልጆች አንዱ ይሆናል።